ቡና ልድገም፣ ሸለብ ላርግ ወይስ ልራመድ? ለየትኛው ድካም የቱ ይሻላል

"ደከመኝ" ያለ ሰው ምክር አጥቶ አያውቅም፣ አንዱ ቡና ጠጣ ይለዋል፣ አንዱ ቫይታሚን ግዛ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ስፖርት ጀምር ብሎ ጂም ሊያስመዘግበው ይነሳል። የሚገርመው ሁሉም ለሆነ ሰው ልክ ናቸው፣ ግን ለማን እና ለየትኛው ድካም የሚለውን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እዚህ የማደርገው ሰው በብዛት የሚያመነታባቸውን አማራጮች ሁለት ሁለት እያደረግኩ ማወዳደር ነው፣ የኔን ፍርድም እጨምርበታለሁ፣ ካልተስማማችሁ ችግር የለም።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ። አሁን ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ጋደም ብትሉ እንቅልፍ ይወስዳችኋል? ወዲያው ጭልጥ የምትሉ ከሆነ ችግሩ እንቅልፍ ነው፣ ወይ አንሷል ወይ ደግሞ ጥራት የለውም። ሰውነታችሁ ዝሎ፣ እጅ እግራችሁ ከብዶ፣ ዓይናችሁ ግን ፍጥጥ ብሎ የሚቀር ከሆነ ያ ሌላ ድካም ነው፣ ቁጭ ብሎ መዋል ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ አይረን ማነስ ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍ ብትጨምሩበትም ያን ያህል ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። ሐኪሞችም ሁለቱን ለያይተው ነው የሚያዩት። ከታች ያለውን ስታነቡ የናንተ የቱ እንደሆነ ይዛችሁ አንብቡት።

ቡና ወይስ እንቅልፍ

ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ ጭንቅላታችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ በበዛ ቁጥር እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል፣ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። ካፌይን የሚሰራው አዴኖሲኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው፣ ማለትም አዴኖሲኑ አልጠፋም፣ እዛው አለ፣ እናንተ ብቻ አይሰማችሁም። ለዛ ነው ካፌይኑ እያለቀ ሲሄድ የተደበቀው ድካም ባንዴ የሚመጣው።

ስለዚህ ጥሩ ተኝቶ ያደረ ሰው ጠዋት ቡና ቢጠጣ ምንም አይደለም፣ እንደውም ደስ ይላል። በቂ እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ግን ቡናው ዓይኑን ይከፍትለታል እንጂ የጎደለውን አይተካለትም። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ "እኔ 6 ይበቃኛል፣ ለምጄዋለሁ" የሚል ሰው ደግሞ ሁሌም አይጠፋም። በ2003 የወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንድ የታወቀ ጥናት ሰዎችን ለ2 ሳምንት በቀን ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይተኙ አድርጎ ትኩረታቸውን ሲፈትሽ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ሳይተኛ ካደረ ሰው እኩል ወርደው ተገኙ፣ የሚያስፈራው ግን እሱ አይደለም፣ ሰዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ትንሽ ነው የደከመን ነበር የሚሉት። ለመድኩት የምንለው ነገር እንግዲህ ይሄ ነው፣ የለመደው ስሜታችን ነው እንጂ ጭንቅላታችን አይደለም።

የቡናው ሰዓትም ከመጠኑ ያላነሰ ወሳኝ ነው። ካፌይን ከጠጣችሁት ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ባማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ይሄ ግን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወጣዋል፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ይቆያል፣ እርጉዝ ላይ ደግሞ በጣም ይቆያል። በ2013 የተሰራ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳን ተወስዶ እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ ሲቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ 10 ሰዓት ላይ የምትጠጧት ቡና ገና አብራችሁ አልጋ ትገባለች ማለት ነው፣ እኔ 8 ሰዓት ላይ ማቆም ይሻላል ባይ ነኝ። "እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ" የሚሉ አሉ፣ መተኛቱን ትተኛላችሁ፣ እንቅልፉ ግን ቀላል ይሆናል፣ ጠዋት ደክሟችሁ ትነሳላችሁ፣ ከዛ ሌላ ቡና፣ በቃ ክብ ነው።

በመጠን ደረጃ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 ያስቀመጠው ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ባንዴ ደግሞ እስከ 200 ነው፣ ለእርጉዝ ሴት በቀን ከ200 አይለፍ ይላል። ልብ ምቱ የሚፈጥንበት ወይ ጭንቀት ያለበት ሰው ግን ከዚህም በታች ሊበዛበት ስለሚችል ቁጥሩን እንደ ግብ አትዩት።

ከሰዓት ሲመጣ፦ ቡና ወይስ ሸለብ ማድረግ

ከምሳ በኋላ የሚመጣው መጫጫን የሁላችንም ነው፣ ሰው ምግቡን ይወቅሳል፣ ምግቡ ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አይደለም፣ የሰውነታችን ሰዓት ራሱ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ወደ ታች ወረድ ይላል፣ ምሳ ሳትበሉም ሊሰማችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ ሸለብ ማድረግ ቡናን ያሸንፋል፣ ግን አጭር ከሆነ ብቻ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ አላርም ሞልታችሁ። ናሳ በረዥም በረራ ላይ ያሉ ፓይለቶች ላይ ባደረገው ጥናት ፓይለቶቹ ባማካይ 26 ደቂቃ ተኝተው ንቃታቸውም ስራቸውም በግልጽ ተሻሽሎ ነበር። ከ30 ደቂቃ እያለፈ ሲሄድ ግን ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ መግባት ትጀምራላችሁ፣ ከዛ መሃል ላይ ስትነሱ ያ ፊት የሚያኮማትር፣ የት ነኝ የሚያስብል ድንዛዜ ይመጣል፣ ለግማሽ ሰዓት ምናምን ከመተኛታችሁ በፊት የባሰ ትሆናላችሁ። "ሸለብ ማድረግ አይስማማኝም" የሚሉ ሰዎችን ስንት ደቂቃ እንደሚተኙ ጠይቋቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይሏችኋል።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርጉም አሉ፣ ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው ለ15 ደቂቃ ጋደም ማለት። ካፌይን ደም ውስጥ ገብቶ ስራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ እሱ እስኪደርስ እናንተ ትነሳላችሁ። እንግሊዝ አገር በ1990ዎቹ የሚያንቀላፉ ሹፌሮች ላይ በድራይቪንግ ሲሙሌተር ተሞክሮ ሁለቱ አንድ ላይ ስህተትን በደንብ ሲቀንሱ ታይቷል። ረዥም መንገድ ለሚነዳ ሰው ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ መስኮት ከፍቶ ሙዚቃ ከማስጮህ በጣም ይሻላል፣ ግን ቆሞ ነው ኮ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ።

ሸለብ የማይመከረው ማታ እንቅልፍ እምቢ ለሚለው ሰው ነው። ቀን የተኛችሁት ከማታው ነው የሚቀነሰው፣ ስለዚህ ማታ ጣራ ጣራ እያያችሁ የምታድሩ ከሆነ ቀን አትተኙ፣ ቢደክማችሁም ያዙት።

ሸለብ ወይስ እርምጃ

ቢሮ ወይ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው እኔ ያለማመንታት እርምጃ እላለሁ። ደክሞኝ እንዴት ነው የምራመደው ትሉ ይሆናል፣ ነገሩ ግን ግልብጥ ነው፣ ቁጭ ማለቱ ራሱ ነው አንዱ የድካሙ ምክንያት። አሜሪካ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የተሰራ በ2008 የወጣ ጥናት አለ፣ ስፖርት የማይሰሩና ሁሌ ደክሞናል የሚሉ ወጣቶችን ወስደው በሳምንት 3 ቀን ለ20 ደቂቃ ብስክሌት እንዲያሽከረክሩ አደረጉ፣ ለ6 ሳምንት። ኢነርጂያቸው በ20 በመቶ አካባቢ ጨመረ፣ የሚገርመው ድካማቸው የበለጠ የቀነሰው ቀስ ብለው የሰሩት ላይ ነው እንጂ ጠንከር አድርገው የሰሩት ላይ አይደለም። ቀስ ብለው የሰሩት በ65 በመቶ፣ መካከለኛ የሰሩት በ49 በመቶ። ስለዚህ ጂም ገብቼ ላቤ ጠብ ካላለ ዋጋ የለውም የሚለው ነገር ቢያንስ ለድካም አይሰራም።

እዛው ዩኒቨርሲቲ በ2017 ደግሞ እንቅልፍ የጎደላቸው ሴት ተማሪዎች ላይ 10 ደቂቃ ደረጃ መውጣትና መውረድን ከ50 ሚሊግራም ካፌይን ጋር አወዳደሩት፣ ደረጃው አሸነፈ፣ ግን አሸናፊነቱ ለአጭር ጊዜ ነበር። ይሄ ማለት ደረጃ እንቅልፍን ይተካል ማለት አይደለም፣ ሌላ ቡና ልጠጣ ወይስ ምን ላድርግ ብላችሁ ለምታመነቱባት ሰዓት መልስ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን በደንብ ልታነቡት የሚገባ ነገር አለ። ትንሽ ስትንቀሳቀሱ በነጋታው ወይ ከሁለት ቀን በኋላ ጨርሶ የምትወድቁ ከሆነ፣ ከአልጋ መነሳት እስኪያቅታችሁ፣ ይሄ የእርምጃ ምክር ለናንተ አይደለም። ስር የሰደደ የድካም በሽታ የሚባል አለ፣ ከኮቪድ በኋላ ሕመሙ አልለቅ ያላቸው ሰዎች ላይም የሚታይ፣ እነዚህ ሰዎች ላይ ስፖርትን እየጨመሩ መሄድ ሊያባብሰው ይችላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2021 መመሪያውን ሲያድስ ለዚህ በሽታ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ የስፖርት ፕሮግራም አይሰጥ ብሎ ለውጦታል። "ሰነፍ ነህ ተነስ ተንቀሳቀስ" የሚባል ሰው ካወቃችሁ ይቺን ንገሩለት።

የጠዋት ስፖርት ወይስ የማታ

ይሄን ብዙ አላረዝመውም። የምትቆዩበት ሰዓት ነው የሚሻለው። ማታ ስፖርት እንቅልፍ ይነሳል የሚባለው ለአብዛኛው ሰው እውነት አይደለም፣ በመጨረሻዋ ሰዓት በጣም ከባድ ነገር ካልሰራችሁ በቀር። ጠዋት የሚበልጥባት አንዲት ነገር ብርሃን ናት። ውጭ ደመና ሆኖ እንኳን ብርሃኑ እስከ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ሊደርስ ይችላል፣ ቤት ወይ ቢሮ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከ500 አያልፍም፣ ዓይናችን ለምዶት ነው ልዩነቱ የማይታየን። የሰውነታችንን ሰዓት የሚሞላው ደግሞ ይሄ ብርሃን ነው፣ ጠዋት ስታገኙት ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። ስለዚህ ስፖርቱን ማታ ብትሰሩም ጠዋት ለ15 ወይ 20 ደቂቃ ውጪ ውጡ፣ ስልካችሁን እያያችሁም ቢሆን ውጡ።

በየቀኑ ቀድሞ መተኛት ወይስ ዊኬንድ ላይ ማካካስ

ሳምንቱን 5 ሰዓት 6 ሰዓት እየተኙ ቅዳሜና እሁድ እስከ እኩለ ቀን መተኛት የብዙ ሰው ስልት ነው። ጨርሶ ካለመተኛት ይሻላል፣ ይሄን አልክድም። ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛው እሁድ ረፋዱን ተኝታችሁ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሰኞ ጠዋት ሌላ አገር ሄዳችሁ የተመለሳችሁ ይመስል ሰውነታችሁ ሰዓቱ ይዛባበታል። ሁለተኛው ማካካሱ ሙሉ አይደለም፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ያወጣው ጥናት ዊኬንድ ላይ እንደፈለጉ የተኙ ሰዎች ወደ አጭር እንቅልፋቸው ሲመለሱ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የሚጠቀምበት አቅም እንደቀነሰ ነው ያየው፣ ማታ ላይ መክሰስ መብላታቸውም ተመልሶ መጣ።

እኔ ብመርጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም እያልኩ የመኝታ ሰዓቴን አመጣዋለሁ፣ ዊኬንድ ደግሞ ከወትሮው ከ1 ሰዓት በላይ አላሳልፍም። ዛሬ ተነስቶ ከ6 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት መኝታን መቀየር አይሰራም፣ ተኝቶ መገላበጥ ብቻ ነው ትርፉ። ለሺፍት ሰራተኛ እና ጨቅላ ላላቸው ወላጆች ይሄ ሁሉ ቅንጦት እንደሆነ ይገባኛል፣ ለነሱ ሸለብ ማድረጉ ነው የሚያዋጣው፣ ባገኙበት ሰዓት።

እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብለው መጠጥ የሚጠቀሙም አሉ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ እውነት ነው፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ ግማሽ ይረብሸዋል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ፈጦ የምትነሱት ለዛ ነው።

ጣፋጭ፣ ኢነርጂ ድሪንክ ወይስ ምግብ

ስኳር ኢነርጂ ይሰጣል የሚለው ነገር ብዙዎቻችን ውስጥ ገብቷል። በ2019 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ ስራ ግን ስኳርና መሰል ካርቦሃይድሬት ስሜትን እንደማያነሳ፣ እንደውም ከተወሰደ በኋላ ባለው 1 ሰዓት ውስጥ ድካምን እንደሚጨምር ንቃትንም እንደሚቀንስ ነው ያገኘው። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ የደም ስኳሩ ከመነሻው በታች ይወርድና እንደገና ይርበዋል።

ኢነርጂ ድሪንክን ከቡና ጋር ስናወዳድረው የተለመደው 250 ሚሊሊትር ቆርቆሮ 80 ሚሊግራም አካባቢ ካፌይን አለው፣ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ ስኳሩ ነው፣ አንዷ ቆርቆሮ እስከ 27 ግራም ስኳር ትይዛለች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቢቻል በቀን 25 ግራም ገደማ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው የሚለው። ስለዚህ ካፌይን ከፈለጋችሁ ቡና ወይ ሻይ ጠጡ፣ በእውነት ኢነርጂ ድሪንኩ በምንም አይበልጥም፣ ከጣሳው ቀለም በቀር። ስኳር የሌለው አይነቱ ይሻላል፣ ትልቁ ጣሳ ግን ካፌይኑ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ።

ምግብ ላይ የምለው አጭር ነው። ፕሮቲንና ፋይበር ያለበት ነገር፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ለውዝ፣ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ያን ወጣ ወረድ ይቀንሰዋል። ምሳን አለቅጥ አለማብዛትም የከሰዓቱን መጫጫን ያቀለዋል። ውሃም እንደዛው፣ ከክብደታችሁ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ፈሳሽ ማጣት ብቻውን ድካምና ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፣ ግን በቂ የሚጠጣ ሰው ላይ ተጨማሪ ሊትር ምንም አይጨምርም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ከመመላለስ በቀር። ቡና ውሃችንን ይጨርሳል የሚባለውም የተጋነነ ነው፣ በልኩ ከተጠጣ ቡናም ከፈሳሽ ይቆጠራል።

ሱፕሊመንት ወይስ የደም ምርመራ

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። በደንብ እየተኛችሁ፣ እየተንቀሳቀሳችሁ፣ ቡናውንም አስተካክላችሁ ድካሙ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ ፋርማሲ ገብታችሁ መልቲ ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ተመርመሩ። የጎደለ ነገር የሌለበት ሰው ላይ ቫይታሚን ጉልበት አይጨምርም፣ የጎደለበት ሰው ላይ ደግሞ መልቲ ቫይታሚኗ ውስጥ ያለችው መጠን ብዙ ጊዜ አትበቃም፣ በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ደም ማነስ ነው፣ በተለይ ሴቶች ላይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 ባወጣው ግምት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 30 በመቶ ገደማ ደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢን ብቻ ግን አይበቃም፣ ፌሪቲን የሚባለውንም አስመርምሩ፣ እሱ የተጠራቀመውን አይረን ነው የሚያሳየው። ሄሞግሎቢናቸው ደህና ሆኖ ፌሪቲናቸው ዝቅ ያለ ሴቶች አይረን ሲሰጣቸው ድካማቸው እንደቀነሰ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ "ደምሽ ደህና ነው" ተብላችሁ የተመለሳችሁ እዚህ ጋር ልብ በሉ። የወር አበባችሁ ብዙ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አይረን በግምት አይወሰድም፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰውነታቸው አይረን የሚያጠራቅምባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ታዞላችሁ የምትወስዱት ከሆነም ከቡናና ከሻይ አርቁት፣ መምጠጡን ይቀንሱታል፣ ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር ግን ያግዘዋል።

የቫይታሚን ቢ12 ማነስ የሚያሰጋቸው የእንስሳት ተዋጽኦ ጭራሽ የማይበሉ ሰዎች፣ በዕድሜ የገፉ፣ እና ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለረዥም ጊዜ የወሰዱ ናቸው። ታይሮይድና የደም ስኳርም አብረው ቢታዩ ጥሩ ነው። በጣም የምታንኮራፉ ከሆነ፣ አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው "ትንፋሽህ ቆም ይላል" ካላችሁ፣ 9 ሰዓት ተኝታችሁም ደክሟችሁ የምትነሱ ከሆነ ደግሞ ይሄ የደም ምርመራ ላይ አይታይም፣ የእንቅልፍ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ድካሙ ላይ ምንም ነገር ደስ አለማለት፣ ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ከተጨመረበትም ድብርት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ለሐኪሙ ንገሩት፣ አትፈሩ። ደረት መውጋት፣ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ካለ ግን ሳምንት አትጠብቁ።

ከመመርመራችሁ በፊት ደግሞ የምትወስዱትን ሱፕሊመንት ሁሉ ተናገሩ፣ በተለይ ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጡትን። ብዙዎቹ ውስጥ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለ፣ መጠኑ ሲበዛ የታይሮይድን ውጤት ሊያሳስት ይችላል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለባዮቲንና ላብራቶሪ ምርመራዎች በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ስንት ቀን ቀድሞ ማቆም እንደሚገባ ላብራቶሪውን ወይ ሐኪሙን ጠይቁ፣ እቃውን ራሱን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ይቀላል፣ መጠኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል።